ወራሪው በወንዝ ሳይሆን በባልዲ ይመጣል

ክረምቱ ጠንክሮ ጉማራና ርብ ሲሞሉ በጣና ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ ጉዞ ይጀምራል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥቶ የወንዙን ፍሰት እየተቃወመ ሽቅብ ይዋኛል። የሚፈልገው ጥልቅ ውኃ አይደለም። የሚፈልገው ጠጠር የተነጠፈበት፣ ንጹሕና ፈጥኖ የሚወርድ፣ አየር የበዛበት ትንሽ ጅረት ነው። እዚያ ደርሶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ተሸሽጎ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም ጥቂት ሲጠነክር ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

በሐይቁ ዳር መረብ የሚጥለው ዓሣ አስጋሪ ከዓመታት በኋላ የሚይዘው ዓሣ ዛሬ በአንድ ጅረት ጠጠር ሥር ያለው ዕንቁላል ነው። ስለዚህ የጣና ዓሣ ጉዳይ በሐይቁ ዳር ያሉ ወረዳዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከሐይቁ ርቆ በወንዝ ዳር የሚያርሰው ገበሬና ከላይ በተፋሰሱ ያለው የቀበሌ አመራርም ከሐይቁ ዳር ነዋሪ የማይተናነስ ድርሻ አላቸው።

በዚህ ጠጠር መካከል ሌሊት ሌሊት እየዞረ ዕንቁላል የሚለቅም፣ ጫጩቱን ከመሸሸጊያው የሚያስወጣና ጥርት ያለውን ውኃ የሚያደፈርስ እንስሳ ቢገባ ምን ይሆናል? ጥያቄው የምናብ አይደለም። በአፍሪካና በአውሮፓ ብዙ ወንዞችና ሐይቆች በተግባር የደረሰ ነገር ነው። የእንስሳው ስም ክሬይፊሽ ይባላል። ስሙ ለአብዛኛው አርሶ አደር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሆኖ እንዲቀር የሚደረግበት ጊዜም አሁን ነው።

እንስሳው ምንድን ነው?

ክሬይፊሽ ዓሣ አይደለም። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሸርጣን የሩቅ ዘመድ ነው። ሰውነቱ በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከፊት እንደ ጉጠት የሚቆነጥጡ ሁለት ትልልቅ እጆች አሉት። ከሸርጣን የሚለየው ሰውነቱ ረዘም ያለና ወደ ኋላ የተዘረጋ ጡንቻማ ጭራ ያለው በመሆኑ ነው። ሲደነግጥ ጭራውን አጥፎ በመምታት ወደ ኋላ ይፈናጠራል።

በዋናው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የተገኘ የክሬይፊሽ ዝርያ የለም። የራሷ ዝርያ ያላት ማዳጋስካር ብቻ ናት። ዛሬ በአህጉሩ ወንዞች የሚታየው በሙሉ ሰው ከሌላ አህጉር ያመጣው ነው። ሁለቱ ዋና ዋናዎቹ ከደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶችና ከሰሜን ሜክሲኮ የመጣው ቀዩ የሉዊዚያና ክሬይፊሽ እና ከሰሜን አውስትራሊያና ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የመጣው ሬድክሎ የሚባለው ናቸው።

ሁለቱንም አደገኛ የሚያደርጋቸው አኗኗራቸው ነው። ያገኙትን ይበላሉ፤ ሣሩን፣ የበሰበሰውን ቅጠል፣ ቀንድ አውጣውን፣ የነፍሳት ዕጩን፣ የዓሣ ዕንቁላሉን፣ የሞተውን ዓሣ ሁሉ። ቀዩ ክሬይፊሽ አየር ባነሰበት የረጋ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ድርቅ ሲመጣ ጉድጓድ ቆፍሮ እርጥበት ውስጥ ይቆያል፤ እርጥበት ባለበት ሌሊት ደግሞ ከውኃ ወጥቶ በየብስ እየተራመደ ወደ ሌላ ውኃ ይሻገራል። እናቲቱ ዕንቁላሏን በጭራዋ ሥር አጣብቃ ትሸከማለች፤ ቁጥሩም በመቶዎች ይደርሳል። በመሆኑም ዕንቁላል የተሸከመች አንዲት እናት ብቻዋን አንድን ኩሬ ለመሙላት መነሻ ትሆናለች።

ከናይቫሻ እስከ ካፉዌ

የጎረቤት ኬንያ ልምድ ቀዳሚው ትምህርት ነው። ቀዩ ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ናይቫሻ ሐይቅ እንዲገባ ተደረገ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ለገበያ የሚሆን ምርት ይገኛል፣ ወደ ውጭ ይላካል የሚል ነበር። በእርግጥም ብዙም ሳይቆይ ንግዱ ተጀምሮ ምርቱ ወደ አውሮፓ ተልኳል። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ሌላ መልክ ያዘ። ለጫጩት ዓሣ መሸሸጊያና ለወፎች ምግብ የነበሩት በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ተክሎች እየመነመኑ ሄዱ፤ ተመራማሪዎችም ክሬይፊሹን ከዋነኞቹ ምክንያቶች ውስጥ አስቀመጡት። አስጋሪዎች ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ሲያወጡ የተያዘው ዓሣ ተበልቶ፣ መረቡም ተበጣጥሶ ያገኙታል። የወጪ ንግዱ ተዳክሞ ሲቀር እንስሳው ግን በሐይቁ ውስጥ ቀረ።

በዛምቢያ የሆነው ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ሬድክሎ ለእርባታ ተብሎ ወደ አገሪቱ ገባ፤ ከእርባታ ኩሬዎችም አምልጦ ወደ ካፉዌ ወንዝና ወደ ካሪባ ሐይቅ ወጣ። ዛሬ በዛምቤዚ ተፋሰስ ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል፤ የባሮትሴ የጎርፍ ሜዳንም ደርሶበታል። እዚያ ያሉ አስጋሪዎች በመረብ የተያዘ ዓሣቸውን እየበላ ለገበያ እንዳይሆን እንደሚያደርግባቸው በጥናት ተመዝግቧል። ኢስዋቲኒ ውስጥ ለእርባታ የገባውም አምልጦ ድንበር ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ለእንስሳው የአገር ድንበር ምኑም አይደለም።

በዓባይ የታችኛው ተፋሰስም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ግብፅ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጊዛ አካባቢ ወደሚገኝ የዓሣ እርባታ ከአሜሪካ የመጣው ቀዩ ክሬይፊሽ ወደ ወንዙና ወደ መስኖ ቦዮች ተሰራጭቷል።

የእነዚህ ታሪኮች አጀማመር አንድ ዓይነት ነው። በሁሉም ቦታ እንስሳው የገባው በጠላት እጅ ሳይሆን ልማት ፈልጎ በተነሳ ሰው እጅ ነው። በዛምቢያ፣ በኢስዋቲኒና በግብፅ መጀመሪያ የተቀመጠው በእርባታ ቦታ ውስጥ ነበር። በሦስቱም ከእርባታው ወጥቷል።

የወንዝ ዓሣን እንዴት ይጎዳል?

ክሬይፊሽ የወንዝ ዓሣን የሚጎዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ጉዳቱ ቢያንስ በአራት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው ዕንቁላልና ጫጩት መብላቱ ነው። ፈጥኖ የሚዋኝ ትልቅ ዓሣ ክሬይፊሽን አይፈራም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ትልቅ ዓሣ ክሬይፊሹን ይበላዋል። በጠጠር መካከል የተቀመጠ ዕንቁላል ግን ማምለጫ የለውም።

ሁለተኛው መሸሸጊያ መቀማቱ ነው። ከወንዝ ወለል የማይርቁ ትናንሽ ዓሦች ቀን ቀን ከድንጋይና ከሥር ሥር ይሸሸጋሉ። እንግሊዝ ውስጥ በግሬት ኡዝ ወንዝ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሥራ ይህንኑ አሳይቷል። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ሲግናል የሚባለው ክሬይፊሽ በበዛበት የወንዙ ክፍል ከወለል የማይለዩት ሁለት አገር በቀል ትናንሽ ዓሦች አንሰው ተገኙ። በሙከራ ገንዳ ውስጥም ክሬይፊሹ ዓሦቹን ከመሸሸጊያቸው እያስወጣ ሲቀመጥበት ታይቷል። ከመሸሸጊያው የወጣ ትንሽ ዓሣ ደግሞ ለወፍና ለትልቅ ዓሣ ሲሳይ ነው።

ሦስተኛው የምግብ ሽሚያ ነው። ጫጩት ዓሣ የሚያድግበትን የነፍሳት ዕጭ፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣና የውኃ ሣር ክሬይፊሹ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በአንድ ጅረት ያለው ምግብ ውስን ስለሆነ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል።

አራተኛውና በዓይን በቀላሉ የሚታየው ውኃውን ማደፍረሱ ነው። ክሬይፊሽ የወንዝ ዳርን ይቆፍራል፤ የተቆፈረው ዳር ክረምት ሲመጣ ይናዳል፤ ደለሉም ወርዶ በጠጠሩ ላይ ይተኛል። በደለል የተሸፈነ ዕንቁላል ደግሞ አየር አጥቶ ይሞታል። በአካባቢው የአፈር መሸርሸር ቀድሞውኑ ለወንዞቹ ትልቅ ፈተና ስለሆነ ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ጣና ትከሻው ሰፊ አይደለም

ጣና ሐይቅ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ስፋቱን ያየ ሰው «ይህን የሚያህል ሐይቅ አንድ ትንሽ እንስሳ ምን ያደርገዋል?» ሊል ይችላል። እምቦጭም በጣና ላይ መታየቱ ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ትንሽ ነበር። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገዛ፣ ዘመቻ ሲታወጅ ዓመታት አልፈዋል። አረሙ ግን አሁንም አለ። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ወረዳ የሰው ኃይል ሊነቀል የሚችል የነበረው አረም ዛሬ የፌዴራል መንግሥትን፣ የክልልንና የዩኒቨርሲቲዎችን አቅም የሚጠይቅ ሆኗል። እምቦጭ ደግሞ ቢያንስ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ ክሬይፊሽ ከሥር ነው።

የነጭ ዓሣው ሁኔታም አስቀድሞ የደከመ ነው። በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባሉት እነዚህ የጣና ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ በሐይቁ ላይ መስፋፋት ጀመሩ። ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰበው ዓሣ መረብ ሲጠብቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት ሩብ ገደማ መቀነሱን ጥናት አመልክቷል። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣን አደንዝዞ የመያዝ ልማድ አለ፤ ብርብራው ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። በዚህ ላይ ወንዙ ለመስኖ ሲጠለፍና ጠጠርና አሸዋው ለግንባታ ሲወጣ የመራቢያው ቦታ ይጠባል። እንዲህ በተዳከመ ሀብት ላይ አዲስ ጠላት መጨመር ማለት የታመመን ሰው ሸክም ማሸከም ነው።

በዓለም ላይ ከጣና ጋር የሚነጻጸር የዓሣ ሀብት የነበረው የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ነበር። እዚያም በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ የአንድ ቤተሰብ በርካታ የዓሣ ዝርያዎች ነበሩ። ከውጭ የገቡ ዓሣ በል ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ ማስገርና አጥፊ የማስገር ዘዴ ተደማምረው ጨረሷቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መረጃ ከ17ቱ የላናኦ ዝርያዎች 15ቱ ፈጽሞ መጥፋታቸውን አስታውቋል፤ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ተገምቷል። ላናኦን የጎዳው ክሬይፊሽ አልነበረም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ይጠቅማል ተብሎ ወይም ሳይታሰብበት የገባ እንግዳ፣ ያለ ልክ ከሚጣል መረብ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርስ ከላናኦ የበለጠ ምስክር የለም።

ጉዳዩ የሩዝና የቦይም ጉዳይ ነው

ዓሣ የማያሰግር፣ ዓሣም የማይበላ አርሶ አደር «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ነጭ ዓሣው የሚራባባቸው ጉማራና ርብ የሚያቋርጡት የፎገራን ሜዳ ነው። ፎገራ ደግሞ የሩዝ አገር ነው።

ቀዩ ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡባዊ ስፔን ከገባ በኋላ በሩዝ ማሳ ላይ ያደረሰው ጉዳት በሰፊው ይታወቃል፤ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ፖርቱጋልም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟታል። እንስሳው ለጋውን የሩዝ ቡቃያ ይቆርጣል፣ ይነቅላል። ከዚያም በላይ ውኃ የሚያቁረውን የማሳ ክትር ይቆፍረዋል። በአንድ ሌሊት የተሸነቆረ ክትር ውኃውን ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ወንዝ ይለቀዋል። ውኃ በተራ በሚደርስበት አካባቢ አንድ ተራ ውኃ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬው ያውቀዋል።

በመስኖ ቦይም እንዲሁ ነው። ቆጋ ወደ 7 ሺህ ሄክታር ለሚጠጋ መሬት ውኃ ለማድረስ የተሠራ የመስኖ አውታር ነው። በእንዲህ ዓይነት አውታር ከዋናው ቦይ ወርዶ ወደ ማሳ የሚገባው ትንሹ ቦይ በአብዛኛው የአፈር ነው። የአፈር ቦይና የአፈር ክትር ደግሞ ለቆፋሪ እንስሳ ምቹ ናቸው። የውኃ ተጠቃሚ ማኅበራት ዛሬም ደለል በማውጣትና ቦይ በመጠገን ብዙ ጉልበት ያፈሳሉ። ስለሆነም ክሬይፊሽን መከላከል የዓሣ ባለሙያ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመስኖና የሰብል ልማት ሥራም ነው።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

ክሬይፊሽን ማርባት ይጠቅማል የሚሉ ወገኖች ባዶ ወሬ አይዙም፤ ሐሳባቸው ተሰምቶ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

የመጀመሪያው መከራከሪያ ገበያ ነው። በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ በስፔንና በቻይና ክሬይፊሽ ትልቅ ንግድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ንግድ ገዥ ይፈልጋል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት የማይበላ ብዙ ሕዝብ ባለበት፣ አምባዛን እንኳ የማይቀምስ ሰው ጥቂት ባልሆነበት አካባቢ የአገር ውስጥ ገበያው የት ይገኛል? የውጭው ገበያ ደግሞ ማቀዝቀዣ፣ ፈጣን መጓጓዣና የማያቋርጥ አቅርቦት ይጠይቃል። ናይቫሻ ሙከራውን አድርጎ ያተረፈው ጥቂት ዓመት የዘለቀ ገቢና እስከ ዛሬ የቀረ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው የጤና መከራከሪያ ነው። ክሬይፊሽ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ይበላል፤ ኬንያ ውስጥ በዚሁ ዓላማ ተሞክሮ ቀንድ አውጣዎቹ እንደሚቀንሱ ታይቷል። ይህ በቀላሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም፤ ቢልሃርዝያ ሕፃናትን የሚያሰቃይ በሽታ ነውና። ነገር ግን ለበሽታው መድኃኒት አለ፤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት አለ። እነዚህ መንገዶች ውጤት ካላመጡ ይሻሻላሉ፣ ይቀየራሉ። ወንዝ የገባ ክሬይፊሽ ግን «አልሠራም» ተብሎ አይመለስም።

ሦስተኛው «በታጠረ ኩሬ ይረባል፣ ቁጥጥር ይደረግበታል» የሚለው ነው። የዛምቢያም፣ የኢስዋቲኒም፣ የግብፅም ታሪክ የተጀመረው ከእርባታ ነው። በእግሩ የሚሄድን፣ የሚቆፍርንና በጎርፍ የሚወሰድን እንስሳ የአፈር ኩሬ አያስረውም። በፎገራ ሜዳ አንድ የክረምት ጎርፍ ኩሬንና ወንዝን አንድ ያደርጋቸዋል።

አራተኛው «ከገባም በኋላ አጥምዶ መጨረስ ይቻላል» የሚል ነው። የአውሮፓ ልምድ ይህን አይደግፍም። ወጥመድ በአብዛኛው የሚይዘው ትልልቆቹን ነው፤ ትልልቆቹ ሲነሱ ትንንሾቹ ምግብና ቦታ አግኝተው ይበዛሉ። በአንድ ትንሽ የተዘጋ ኩሬ ውስጥ በኬሚካል ማጥፋት የተቻለበት ጊዜ አለ፤ ያው ኬሚካል ግን ሌላውንም የውኃ ሕይወት ይፈጃል። በሰፊ ወንዝ ከተሰራጨ በኋላ ግን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አልተቻለም።

ተፈጥሮ የሠራችው በር

ጣና አንድ የማይናቅ ጠባቂ አለው። ከሐይቁ ወጥቶ የሚወርደው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያደረገውና የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ለብቻቸው ተለይተው እንዲኖሩ ያስቻለው ይኸው ገደል ነው። ከታችኛው ተፋሰስ የሚነሳ ማንኛውም እንግዳ የውኃ እንስሳ በራሱ አቅም ይህን በር ማለፍ ቀላል አይሆንለትም።

ነገር ግን ፏፏቴ ባልዲ የተሸከመን ሰው አያስቆምም። ከውጭ በፕላስቲክ ከረጢት ከሚመጣ የዓሣ ጫጩት ጋር ተቀላቅሎ፣ ለማሳመሪያ ተብሎ በመስተዋት ገንዳ ተቀምጦ፣ ወይም «ይህን ብንሞክረው» በሚል ቅን ሐሳብ ተይዞ ሊገባ ይችላል። በሩን የሚዘጋው ወይም የሚከፍተው እንግዲህ ሰው ነው።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣን ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር አሰልፎ ወደ ገበሬው ጓሮ አድርሶታል። በየቀበሌው ኩሬ ይቆፈራል፣ የዓሣ ጫጩት ይታደላል፣ ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ ተፋሰስ ይጓጓዛል። ሥራው የሚደገፍና ሊሰፋ የሚገባው ነው። ነገር ግን የጫጩቱ ጉዞ በበዛ ቁጥር ከጫጩቱ ጋር ሳይፈለግ የሚጓዘውም የመብዛት ዕድል አለው። ልማቱ ሲፈጥን ጥንቃቄውም አብሮ መፍጠን አለበት።

ምን ይደረግ?

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኃላፊነትን ለይቶ መያዝ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ወደ ወረዳቸው የሚገባ ማንኛውም የዓሣ ጫጩት ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ኩሬ እንደተጨመረ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ሊኖራቸው ይገባል። ጫጩቱ ምንጩ ከታወቀ ማባዣ፣ በተለይም የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልን ከመሰለ ተቋም ጋር በመመካከር ቢመጣ ይመረጣል። ጫጩት ያመጣው ውኃ ኩሬ ውስጥ ሊደፋ አይገባም፤ ጫጩቱ በወንፊት መረብ ተለይቶ ሲገባ ውኃው ከወንዝና ከቦይ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ መፍሰስ አለበት።

ለእርባታ የሚመረጠው ዝርያም አገር በቀል ይሁን። ቀረሶ በኩሬ ይረባል፣ ገበያም አለው፣ ገበሬውም ያውቀዋል። ያለውን ቀረሶ በመኖና በአያያዝ ማሻሻል ሳይሞከር ከሌላ አህጉር እንግዳ መፈለግ በጓሮ ያለን ምንጭ ትቶ ሩቅ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

የቀበሌ ልማት ሠራተኞችና የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት የእንስሳውን ሥዕል ይዘው ሕዝቡን ቢያስተምሩ ውጤቱ ትልቅ ነው። አገር በቀሉ ሸርጣን ጠላት እንዳልሆነ አብሮ መነገር አለበት፤ አለበለዚያ ባልገባ ወራሪ ስም ነባሩ ይጨፈጨፋል። ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ሸርጣን ሰፊና ክብ ሰውነት ኖሮት ጭራው ከሆዱ ሥር የታጠፈ ሲሆን፣ ክሬይፊሽ ግን ረዥም ሆኖ ጭራው ወደ ኋላ የተዘረጋ ነው። ረዥሙን ያገኘ ሰው ወደ ውኃ ሊመልሰው ወይም በሕይወት ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው አይገባም። ገድሎ፣ ያገኘበትን ቦታና ቀን ይዞ ለወረዳው ማሳወቅ አለበት። ወረዳውም ሪፖርቱን በመሳቢያ ውስጥ ሳያሳድር ለክልሉና ለምርምር ማዕከሉ ማድረስ ይጠበቅበታል። በአንድ ኩሬ ሳለ የተደረሰበት ወራሪ ኩሬውን አድርቆ ማስቀረት ይቻላል፤ ወንዝ ከገባ ግን የዕድሜ ልክ ጣጣ ነው።

ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው የሚጓዝ መረብ፣ ታንኳ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርና ቱቦ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። ይህ ልማድ ክሬይፊሽን ብቻ ሳይሆን እምቦጭንም የዓሣ በሽታንም ይከላከላል።

ከሁሉ በላይ ያለው ሀብት ይጠበቅ። አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አውጥታለች፤ አዋጅ ግን በወንዝ ዳር ካልተተረጎመ ወረቀት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ፣ በጅረቶቹ ላይ ብርብራ እንዳይበተን፣ ዓሣው ዕንቁላል ከሚጥልበት ቦታ ጠጠር እንዳይወጣ ማድረግ የወረዳና የቀበሌ ሥራ ነው። ጤነኛና ብዙ ዓሣ ያለው ወንዝ እንግዳን የመቋቋም አቅሙ የተሻለ ነው፤ የተራቆተ ወንዝ ግን ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው።

በእምቦጭ ጊዜ «ምነው ቀድመን ባወቅን» ያሉ ብዙ ናቸው። በክሬይፊሽ ግን ናይቫሻ፣ ካፉዌና ጊዛ ቀድመው ከፍለው አስተምረዋል። ትምህርቱ በነጻ የተገኘ ነው፤ ዋጋው የሚጨምረው ሳይሰሙት ሲቀሩ ነው። የሚቀጥለው ክረምት መጥቶ ጉማራ ሲሞላ ነጭ ዓሣው እንደ ልማዱ ጠጠሩን ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። ጠጠሩ ንጹሕ፣ ዕንቁላሉም ሰላም ሆኖ መቆየቱ ግን ባልዲውን በያዘው ሰውና ባልዲውን ከፍቶ በሚፈትሸው የወረዳ ባለሙያ እጅ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።